የእናቷ ቀሚስ ልኳ የሆነ ዕለት

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሚስቴን ያወቅኋት የሥራ ካፖርቴን ላሰፋ ልብስ ስፌት ቤቷ የገባሁ ዕለት ነው። ትከሻዬን ስትለካ ከላዬ የቦነነው ዱቄት አስነጠሳት።

«ይማርሽ!»

«ሰው ነህ ወይስ ጆንያ?» አለችኝ ሜትሯን እያራገፈች።

በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። ፊት ለፊቴ ቆማ አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው። ልቤ የሄደው ያን ጊዜ ነው። ያን ቀን ሆዷን ሲቆርጣት እንደዋለ የነገረችኝ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር።

ተጋባን። «ዱቄቱ» ነበር የምትለኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ አመጣላታለሁ፤ እሷም ደስ እንዲለኝ ትበላለች። ከዚያ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ፊቷ ይገረጣል።

«የጨጓራ ነገር ነው፣ ተወው» ትለኛለች። እኔም ተውኩት።

መተው ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነበር።

«ልጅ እንውለድ እንጂ...»

«ዘንድሮ አይሆንም።»

«አምናም እንደዚሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አትጨቅጭቀኝ፣ ዱቄቱ» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች። አትወደኝም ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን ምድጃው ተበላሽቶ ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እሷ መስታወቱ ፊት ቆማለች፤ አይቼው የማላውቀው ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች። ከደረቷ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች ትቆጥራለች። መጨረሻው፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«ለማን ነው የተሽቀረቀርሽው?»

ዞር አለች። አልደነገጠችም።

«የእናቴ ነው።»

ቀረብ ብዬ እጅጌውን ነካሁት።

«እኔን በወለደች በአርባ ቀኗ ነው የሞተችው። ሆዷን እያመማት፣ እየከሳች፣ እየከሳች... ይሄን ያሰፉላት አራስ ሆና ነው፣ ሌላው ልብሷ ሁሉ ሲሰፋት። ስንጋባ ደረቴ ላይ አልገጥም ብሎኝ ነበር። በየወሩ እሞክረዋለሁ። ዛሬ... ልኬ ሆነ።»

ቤቱ ቀዘቀዘኝ። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች የቆሙ መሰለኝ፤ አንዷ ሚስቴ ናት፣ ሌላዋን አላውቃትም።

«ልጅ ጠልቼ አይደለም» አለች። «እሷ የሄደችበትን መንገድ ፈርቼ ነው።»

በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ጠዋት ጠዋት ምን ትበያለሽ?»

«ዳቦ። ባሌ ነው የሚጋግረው» አለች፣ እየኮራችብኝ።

ደሟ ተመረመረ፤ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዋ ገብቶ አንጀቷ ታየ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወንበሯን ወደኛ አስጠጋች።

«ስንዴና ገብስ አንጀትሽን ያቆስሉታል። ስለዚህ የበላሽው ምግብ ሰውነትሽ ላይ አይውልም፤ ደምሽም አንሷል። ሁለቱም ይቅሩብሽ። የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አዝልሻለሁ። አንጀትሽ ሲያገግም፣ ደምሽ ሲሞላ እርግዝናውን ታስቢያለሽ። እስከዚያ ታገሺ።»

«የእናቴም ይሄ ይሆን?»

«የሞተ ሰው መመርመር አልችልም» አለች ቀስ ብላ። «በዘር ግን ይመጣል።»

እጄን አየሁት። ጥፍሬ ሥር ዱቄት ነበር።

ያሳደገቻት አክስቷ ዘንድ ሄደን ነገርናት። ስትቀልድ የምትውል ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር።

«እናትሽ እንድትበረታ ብዬ... ዳቦ በወተት እየነከርኩ አጎርሳት ነበር። ‹በቃኝ እህቴ› ስትለኝ፣ ‹ለልጅሽ ስትይ› እላታለሁ። በዚህ እጄ!»

ሚስቴ ተንበርክካ እጆቿን ያዘቻቸው።

«አላወቅሽም፣ እቴቴ። ስለወደድሻት ነው።»

ይህን ስትል የምታየው ግን እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ልብሴን ዳቦ ቤት አውልቄ፣ ታጥቤ ነው ቤቴ የምገባው። ስንዴ የነካውን የቤቱን ወንፊትና መጋገሪያ አውጥቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። ሩዝና ድንች መቀቀል ለመድኩ። በበቆሎ ዱቄት ዳቦ ሞከርኩላት፤ ድንጋይ ሆነ።

«ይሄ ለምሳ ነው ወይስ ለቤት መሥሪያ?»

«መሠረቱን እንጣል ብዬ ነው።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች።

ቀሚሱ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ይጠብቀን ነበር። ወሩ ባለቀ ቁጥር ትለብሰዋለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቁልፍ እቆጥራለሁ። ስድስት። በሚቀጥለውም ወር ስድስት። በአራተኛው ወር የመጨረሻው ቁልፍ በግድ ገባ። በሰባተኛው...

«ዱቄቱ! ና እስቲ ሳበው!»

ሳብኩት። እምቢ አለ። አምስተኛውም እምቢ አለ! ቁጭ ብለን አለቀስን። በዚያው ሳምንት ሐኪሟ «አሁን ይቻላል» አለችን።

ሴት ልጅ ወለድን። ከዚያ አርባ ቀን ቆጠርን፤ ሁለታችንም በየሆዳችን፣ አንዳችን ላንዳችን ሳንናገር። አርባኛው ቀን ሥራ አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ስትተነፍስ አያት ዋልኩ።

በአርባ አንደኛው ጠዋት የስፌት መኪናው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ግራጫውን ቀሚስ በሁለቱም ጎን ተርትራ፣ ተመሳሳይ ጨርቅ እየጨመረችበት ነው። ስትጨርስ ለበሰችው፤ ስድስቱም ቁልፍ ያለ ትግል ተቆለፈ። ልጃችንን አቅፋ መስታወቱ ፊት ቆመች።

«ብትድን ኖሮ» አለች፣ «የእናቴ ልክ ይሄ ነበር።»