መውጫ የሌለው አመድ

ይህ በሌሊት የሆነ ነገር አይደለም።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴም አላምነውም ነበር። ጨለማው ነው፣ ድካሙ ነው፣ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

የሆነው በቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ በሚጠፋበት ሰዓት...

ግንቦት ወር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት። አበርገሌ ቆላ፣ ከተከዜ የግማሽ ቀን መንገድ ወዲህ።

ያየሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ያላየሁትን አልጨምርበትም። ያየሁትም ይበቃል።

አሥራተ ማርያም እባላለሁ። የሰቆጣ ካህን ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ፣ ከዛግሬብ፣ ከተመለስኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ነፍሳት ተምሬ መጣሁና፣ መሥሪያ ቤቱ «የወባ ትንኝ የት የት እንደሚፈላ ዞረህ እይ» ብሎ ወደዚያው ወደተወለድኩበት አገር ላከኝ።

ቀን ቀን ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶች ላይ ጎንበስ ብዬ እውላለሁ። ሲመሽ በፋኖስ ብርሃን እጽፋለሁ። ደግሞ ይነጋል።

ወደ ዛግሬብ ተመልሼ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቅር እያልኩ መንገድ ለመንገድ ከራሴ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። ደክሞኝ ብቻ ነበር።

አብረውኝ የሚዞሩት አያ ገብረ ሊባኖስ ነበሩ። የበቅሎዋ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ መንገዱንም የሚያውቁት እሳቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። አጭር ናቸው፣ ቀልደኛ ናቸው፣ አማርኛቸውን በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ዜማ ነው የሚናገሩት።

ከሰቆጣ ስንወጣ ሚስታቸው ወለተ ሰንበት የበቅሎዋን ልጓም ይዘው አስቆሙኝ።

«ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ተቀምጦ ይመለስልኝ» አሉኝ። «ተጭኖ እንዳታመጣብኝ።»

«ኧረ እማማ፣ ምን ይሆናሉ ብለው ነው?»

«አደራ በል።»

«አደራ» አልኩ።

ድንኳናችን ከውጭ አገር የመጣ ነበር። ወለሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተሰፋ፣ በሩ በዚፕ የሚዘጋ። ትንኝን ዚፑ ያስቀረዋል። ፋኖሱን ራቅ አድርጌ ግራር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የሚበርረው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ጫማዬን ሳላራግፍ አላጠልቅም። ፍርፋሪ መሬት ላይ አልጥልም።

መሬት ለመሬት ለሚሄደው ደግሞ አመድ አለ።

አመዱ የአያ ገብረ ሊባኖስ ሥራ ነው። ካደርንበት እሳት እየሰበሰቡ በስልቻ ይይዙታል። በደረስንበት ሁሉ ድንኳኑን በአመድ ዙሪያውን ያጥሩታል። ጉንዳን አመድ አይሻገርም። ይህን እኔ በመጽሐፍ ተማርኩት፤ እሳቸው ከአባታቸው።

ግን ቀለበቱን ዘግተውት አያውቁም። ሁልጊዜ መዳፍ የምታህል ክፍት ይተዋሉ። ጠዋት ጠዋት ጉንዳን በዚያችው ይገባል።

«አያ፣ ይቺን ለምን ይተዋሉ?»

«መውጫ ናት።»

«የማን መውጫ?»

«አስቀድሞ እዚህ ለነበረው።»

«እዚህ ያለነው እኛ ነን።»

«እኛማ ማታ መጣን።» ሳቁብኝ። «በዚያ በዛግሬብህ፣ እንግዳ ሆነህ ሰው ቤት ስትገባ በሩን በባለቤቱ ላይ ትቀረቅራለህ?»

«ጉንዳን እኮ እየገባ ነው!»

«ይግባ። ጉንዳን ይነክስሃል እንጂ አብሮህ አይተኛም።»

ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

በሃያኛው ቀን፣ ወደ ሰቆጣ መመለስ ከጀመርን በኋላ፣ ንዳድ ያዛቸው።

ጠዋት እየተንቀጠቀጡ በቅሎዋ ላይ ወጡ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ ደረስኩባቸው። ኪኒኑን ሰጠኋቸው። ገላቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል። መቀመጥ ቀርቶ ቀና ማለትም አልቻሉም።

ድንኳኑን ተከልኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ግራር ያለበት ሜዳ። ድንጋይ የለበትም፣ እሾህ የለበትም... ሰው ጠርጎት የሄደ ነበር የሚመስለው።

ቤት የለም። መንገድ የለም። ማን ይጠርገዋል?

አልጠየቅሁም። ደክሞኝ ነበር።

ካስማውን መትቼ ሳልጨርስ ገብረ ጉንዳን መጣ። ጥቁር ገመድ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በሽተኛው። የታመመ ሰው ከዓይኑ ላይ እንኳ ጉንዳን ማራገፍ አይችልም። ወለተ ሰንበት ትዝ አሉኝ።

አያን አስገብቼ ዚፑን ሳብኩ። ስልቻውን አንሥቼ አመዱን ራሴ አዞርኩት።

መዳፍ የምታህለዋ ክፍት ጋ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ።

ከዚያ ዘጋኋት።

ጉንዳኑ አመዱ ጋ ደረሰ። ቆመ። ተመለሰ። እኔም ግራሩ ሥር ተቀምጬ «ትምህርት እንዲህ ነው» አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ።

ዝንብ የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ላብ ያጠመቀው በሽተኛ አለ። የቆላ ዝንብ እንዲህ ያለውን አይለቅም። እኔን ያስቸግረኛል፣ በቅሎዋን ያስቸግራታል፤ ድንኳኑ ላይ ግን አንዲት እንኳ አላረፈችም።

ጥሩ ነው፣ አልኩ።

ቀጥሎ ግራሩ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፉ ላይ ሲጮኹ የሚውሉት ነፍሳት ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ሰው «እሽ!» ያላቸው ያህል።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ተነሥቼ ወደ አመዱ ሄድኩ... ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከድንኳኑ ሥር እየወጡ ነበር።

ትናንሽ ቀይ ጉንዳኖች፣ ዕንቁላላቸውን በአፋቸው የያዙ። ምስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። ጥንዚዛ። ልጆቿን በጀርባዋ ያዘለች ጊንጥ። ሁሉም አመዱ ጋ ይደርሱና መሻገር ያቅታቸዋል። በውስጥ በኩል ተደርድረው ቆሙ።

ጊንጧ ከጥንዚዛው ጎን ናት። አልነካችውም።

ዝናብ ሊመጣ ይሆናል ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና የለም። መሬቱ ሞቆ ይሆናል አልኩ። ሁሌም እንደዚህ ሞቃት ነው።

እኔ አመዱን ያዞርኩት እንዳይገቡ ነበር። እነሱ ግን ለመውጣት ነበር የሚለምኑት።

«አሥራተ...»

ከድንኳኑ ውስጥ፣ በሹክሹክታ።

«አቤት አያ። ውኃ ልስጥዎ?»

«እስቲ ጠጋ በል ወዲያ። ገፋኸኝ እኮ።»

ኮዳው በእጄ ነበር። እግሬ ከአመዱ ውጭ ነበር።

«አያ... እኔ ውጭ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ ከኋላዬ የተኛው ማነው?»

ትኩሳት ነው፣ አልኩ በልቤ። ትኩሳት ያስቃዣል። በመጽሐፍ አለ።

ከዚያ በኽምጥኛ ሲናገሩ ሰማሁ። ልጅ ሳለሁ የምናገረው፣ ስድስት ዓመት ያስረሳኝ ቋንቋ ነው። ግማሹ ብቻ ገባኝ። «ከመቼ ጀምሮ» ብለው ጠየቁ።

«እህ...» አሉ ደግሞ፣ የሚያዳምጥ ሰው እንደሚለው። «እህ...»

እኔ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። በቅሎዋ ግን ጆሮዋን ወደ ድንኳኑ አቀናች፤ ከዚያ ገመዷን እየሳበች ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረች።

«አሥራተ።»

«አቤት።»

«መውጫዋን ዘግተሃታል እንዴ?»

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አፍሬ ይሆናል።

«አልዘጋሁም።»

«ዘግቷታል ይለኛል።»

ኮዳው ከእጄ ወደቀ።

ዚፑን ያዝኩ። አንድ ክንድ ያህል ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ።

አያ በጎናቸው ተኝተዋል። ድንኳኑ ለሁለት ሰው ይበቃል። እሳቸው ግን እስከ ሸራው ጠርዝ ድረስ ተጠግተው ነበር፤ ጠባብ አልጋ ላይ ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቁ ይመስላል። ከኋላቸው ባዶ ነው። ምንም የለም። ጋቢያቸው ብቻ... የጋቢያቸው ጫፍ ወደ ባዶው ቦታ ተወጥሯል። ሰው ሲተኛበት እንደሚወጠር።

«እጅዎን ይስጡኝ» አልኩ። «ልሳብዎ።»

«ተው! እኔን ከሳብከኝ አብሮ ይመጣል።»

«እንዴት?»

«ልብሴን ይዟል» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እንደ ሕፃን ነው የያዘኝ። እየበረደኝ ነው ልጄ። አመዱን ክፈት።»

ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቅድም ሲያቃጥል የነበረውን እጃቸውን ነካሁት። ከሬሳ ይቀዘቅዛል።

«በየት በኩል ልክፈት?»

«በየትም... ቶሎ...»

ስድስት ዓመት የተማርኩት ሰውዬ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በመዳፌ አመድ ጠረግሁ። የጠየቀኝ ቢኖር ለምን እንደማደርገው አልነግረውም ነበር። አላውቅምና።

መዳፍ የምታህል ክፍት ሆነች።

መጀመሪያ ጉንዳኖቹ ወጡ። ከዚያ ምስጡ። ከዚያ ጥንዚዛው። ጊንጧ ልጆቿን አዝላ። አልተጋፉም፣ አልተሻሙም። ከቅዳሴ እንደሚወጣ ሕዝብ ተራ በተራ ወጥተው ሜዳው ላይ ተበተኑ።

ከእነሱ በኋላ የሚወጣውን ጠበቅሁ።

ምንም አላየሁም።

ግን ግራሩ ላይ ያሉት መጮህ ጀመሩ። አንዲት ዝንብ መጥታ ከንፈሬ ላይ አረፈች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝንብ አስደስታኝ አታውቅም።

ዚፑን እስከ ላይ ከፈትኩ። ጋቢው ረግቧል። አያ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እጃቸው ሞቋል።

«ሄደ?» አልኳቸው።

«ከላዬስ ተነሥቷል» አሉ። «ሌላውን እንጃ።»

ደኅና መግባታቸውን አሁኑኑ ልንገራችሁ። በሦስተኛው ቀን ሰቆጣ ገቡ፤ ተቀምጠው። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። አደራዬን አልበላሁም።

የሚያስቸግረኝ ከዚያ ሜዳ ከመነሣታችን በፊት የሆነው ነገር ነው።

አያን በቅሎዋ ላይ አወጣኋቸው። በጋቢያቸው ከኮርቻው ጋር ሸብ አደረግኋቸው። ከዚያ ካስማውን ነቅዬ፣ ምሰሶውን አውጥቼ፣ ድንኳኑን መሬት ላይ ዘረጋሁት።

ድንኳን ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በወዲህ ሁለት ጥግ ይይዛል፣ ሌላው በወዲያ ሁለት ጥግ። ያራግፉታል። ከዚያ የወዲያኛው እየተራመደ መጥቶ ጥግ ለጥግ ያገናኛል። ሃያ ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እኔና አያ እንዲሁ ስናደርግ ነበር።

ጎንበስ ብዬ የኔን ሁለት ጥግ ያዝኩ። ወገቤ ተቆርጧል። ቀና ለማለት እንኳ ታከተኝ። እንደ ልማዴ፣ ሳላስብ፣

«ያዙልኝማ» አልኩ።

የወዲያኛው ጫፍ ተነሣ።

አራገፍኩ። አራገፈ። አቧራው በነነ። ደግመን አራገፍን። ሸራው በመካከላችን ተወጠረ።

ከኋላዬ ሰው ሲስል ሰማሁ።

አያ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። በቅሎዋ ላይ። ከኋላዬ።

ቀና አልኩ።

ከሸራው ወዲያ ሰው የለም። ሁለቱ ጥጎች ግን አየር ላይ ናቸው፤ ከደረቴ ትንሽ ዝቅ ብለው። ቀስ እያሉ ወደኔ ይመጣሉ። አንድ እርምጃ... ሌላ እርምጃ... ሸራው በመሐል እየረገበ፣ ልክ እንደ ወጉ።

አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ጥጎቹን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

ከኋላዬ የአያ ድምፅ መጣ። በሹክሹክታ፣ ያለ ፍርሃት፣ ልጅን ሥነ ሥርዓት እንደሚያስተምር ሰው።

«ተቀበለው እንጂ ልጄ። እሱም ደክሞታል።»

እጄን ዘረጋሁ።

ሁለቱ ጥጎች መዳፌ ውስጥ አረፉ።

እርጥብ ነበሩ... ላብ ያለው እጅ አጥብቆ ይዟቸው እንደቆየ።