ጎርፉ ባሕር ያልደረሰበት ቀን

በ፲፮፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሲጠባ፣ በዑማን ጠረፍ ከሶሓር ወደብ በስተደቡብ ባለችው ሸሪሳ በምትባል መንደር የጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ጨው ጨው ማለት ጀምሮ ነበር፤ ዝናብ ከራቀ፣ በሬዎችም ጣፋጩን ውሃ በገመድ ሌት ተቀን እየሳቡ ካሟጠጡት ወዲህ ባሕሩ በአሸዋው ሥር ሾልኮ ገብቶ ነበርና። የቴምሩ ዛፍ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር፤ ከብቱም ገንዳው ላይ አፉን ነክሮ ሳይጠጣ ይመለስ ነበር።

የመንደሩ ሹም ሼኽ ሙሃና ኢብን ጃዒድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጉብዝናቸው ወራት የዑማንን ገዥ የኢማሙን የጦር መርከብ መሪ ጨብጠው እስከ ሞምባሳ ደጅ የዘለቁ፣ አሁን ግን በአንዲት ጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ። «ደራሹ ጎርፍ ከተራራ ወርዶ፣ በደጃችን አልፎ፣ ለባሕር ይገበራል፤ ባሕር ደግሞ ጠጥቶ አይጠግብም» ብለው ሕዝቡን አስተባበሩና ከመንደሩ በላይ፣ በደረቁ ወንዝ ላይ፣ የድንጋይ ካብ ያስክቡ ጀመር፤ ጎርፉ ተገትቶ በጠጠሩ ሜዳ ላይ እንዲተኛ፣ ቀስ እያለም ወደ ጉድጓዶቹ ሥር እንዲሰርግ። ካቡ ሊገጥም መሐል ላይ አንድ ክፍት ብቻ ሲቀረው ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፈነ።

በዚያው ጧት አንዲት የጦር መርከብ መልሕቋን ጣለች። የኢማሙ ሠራዊት በሞምባሳ ያለውን የፖርቱጋሎች ምሽግ ሊከብ ይዘምት ነበርና፣ የመርከቧ አለቃ ኸልፋን ወታደሮቹን አስከትሎ ካቡ ድረስ መጣ።

«ጦር መያዝ የሚችል ወንድ ሁሉ አሁኑኑ ይሳፈር! የኢማሙ ትእዛዝ ነው።»

«ጌታው፣ ተራራውን ይመልከቱ» አሉ ሙሃና። «ጎርፉ ዛሬውኑ ይደርሳል። ይቺ ክፍት ሳትዘጋ ከመጣ የለፋንበትን ሁሉ ጠርጎት ይሄዳል። እስከ ነገ ይታገሡን።»

«ነፋስ ይታገሣል እንዴ? እርስዎም እኮ መርከበኛ ነበሩ ይባላል!»

«ነበርኩ እንጂ! የነገው ነፋስም ይኸው እንደሆነ የማውቀው ለዚህ አይደል?»

ካቡ ላይ ያሉት ሳቁ። አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወታደሮቹም ጎራዴያቸውን መዘዙ። የመንደሩ ወንዶች ድንጋያቸውን እንደያዙ ቆሙ እንጂ አንዱም ወደ ኋላ አላለም።

ሙሃና መሐል ገቡ። «ስማኝ ልጄ፤ የመርከብህን መሪ የሚጨብጠው ማነው? ሞምባሳ ደጅ ያለውን የባሕር ቋጥኝ አሳልፎ የሚያስገባህ ሰው አለህ?»

ኸልፋን ዞሮ ወደ መርከቧ ተመለከተ፤ መሪ ጨባጩ ሶሓር ላይ በንዳድ ወድቆበት ነበርና።

«እንግዲያው እኔን ውሰደኝ፤ እነዚህን ተውልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» ያለችው ሚስታቸው ዙወይና ናት፤ ጠጠር የሞላውን ቅርጫት ከራሷ ሳታወርድ ቀረበች። «ጥርስህ እንኳ ከድቶህ ጦርነት ያምርሃል?»

«መሪ በጥርስ አይጨበጥም» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ክፍቱን አደራ» አሏት።

ዙወይና ቅርጫቷን አውርዳ ጠጠሩን ክፍቱ ላይ ደፋችው። «ሂድ በቃ። ቆሜ የማለቅስበት ጊዜ የለኝም።»

መርከቧ ከመንደሩ ሙሃናን ብቻ ይዛ፣ ሸራዋን ዘርግታ ከጠረፉ እንደራቀች ጎርፉ እያገሣ ደረሰ። በክፍቱ የተጣለው ድንጋይ አንድ በአንድ ተነቀለ፤ ውሃው መንገድ አገኘ። ሙሃናም ከመርከቧ ላይ ሆነው፣ በወንዙ አፍ፣ በሰማያዊው ባሕር መሐል የጎርፉ ጭቃ እንደ ቀይ ምላስ ሲወጣ አዩ። መሪውን እንደጨበጡ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ቀሩ።

«ሼኽ፣ ፊትዎን ወደፊት!» ሲል ኸልፋን ጮኸ። እሳቸው አልሰሙትም።

በካቡ ላይ ዙወይና፣ «የሙሃናን ጀልባ አምጡ!» አለች። ሰዎቹ ሲያመነቱ፣ «ምን ታዩኛላችሁ? ዓሣ ላጠምድበት መሰላችሁ? ግፉ!» ብላ ራሷ ትከሻዋን ሰጠች። እየጎተቱ ከክፍቱ አፍ አጋድመው ድንጋይ ሞሉባት፤ ጀልባዋ ጮኸች፣ ተሰነጠቀች፣ ግን አልተነቃነቀችም። ጎርፉም እያጉረመረመ ወደ ኋላው ዞሮ በጠጠሩ ሜዳ ላይ ተኛ።

ከባሕር ላይ የታየው የቀዩ ምላስ መቅጠንና መጥፋት ብቻ ነበር። ሙሃና «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሞምባሳ መለሱ።

ውሃው ወዲያው አልጣፈጠም። ለካቡ የቀረቡት ጉድጓዶች በዚያው በጋ ጣፈጡ፤ ወደ ባሕር ያሉት ግን ሌላ ጎርፍ እስኪተኛላቸው ጠበቁ። ሙሃና በምሽጉ ሥር በንዳድ ሞቱ፤ ከውሃው አንድ ጉንጭ እንኳ አልደረሳቸውም። ዙወይና መርዶውን የሰማች ዕለት ከጣፈጠው ጉድጓድ እንስራዋን ሞልታ ወደ ካቡ ወጣች፤ እዚያ ምን እንዳደረገች ያየ የለም፤ ስትመለስ እንስራው ባዶ ነበር።

የከበባውን ነገር ጸሐፍት ጽፈውታል፤ የምሽጉን ውፍረት፣ የተሰለፉትን መርከቦች፣ የተሰቀለውን ባንዲራ ሳይቀር። ሸሪሳ ውሃ ጠጥታ ማደሯን ግን የጻፈ አልተገኘም፤ ጎርፍ ባሕር ሳይደርስ መቅረቱ ለማን ወሬ ይሆናል?