አትክልተኛው ያልጨረሰው መደርደሪያ

ተመራማሪዋና አትክልተኛው ዓይንና ናጫ ነበሩ። እሷ ተክል በሚበቅልበት የመስታወት ቤት በአንዱ በር ስትገባ፣ እሱ በሌላው ሹልክ ይላል። ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም፤ ሰላምታውንም ግንባሯን ቋጥራ ነው የምትወረውርለት። ሰውየው ግን ልቡ ወደ እሷ ከሄደ ቆይቷል፤ ምን ይደረግ!

ሥራዋ ቲማቲም የሚያጠቃ ባክቴሪያ ላይ ነው። ቅጠል ባክቴሪያ ሲያርፍበት ይነቃና ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ተንኮለኛው ባክቴሪያ ደግሞ መርዝ አመንጭቶ ያስከፍታቸዋል፤ የተክሉንም መከላከያ ያደነዝዛል። እሷ ይህን መርዝ የማያመነጭ ባክቴሪያ አዘጋጅታ በሁለት መደርደሪያ ቲማቲም ላይ ረጨች። ተክሎቹ ጤነኛ ከሆኑ የሦስት ዓመት ልፋቷ ሰመረ። ከታመሙ አለቃዋ ምርምሩን ሊዘጋው ቆርጧል።

በአምስተኛው ቀን ስትገባ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሶ ጠበቃት።

«ማን ነው የነካቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ አትክልተኛው። ልትረጭ በመጣችበት ጠዋት ቀድሟት ገብቶ፣ ሥራ ይቅለላት ብሎ የታች ቅጠላቸውን ከርክሞ ነበር። እሷም በጥድፊያ ልብ አላለችም።

«ማን ጥልቅ በል አለህ? ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው!»

መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ይህ ትዝ ያላት ንዴቷ ከበረደ በኋላ ነው።

ተክሎቹን ልትጥል ስታነሳ እጇ ቀጥ አለ። የታመሙት የቀኙ መደርደሪያ ተክሎች ብቻ ናቸው፤ ነጠብጣቡም የተጀመረው ከተቆረጠበት ቦታ ነው። መቀስ ያልነካው የግራ መደርደሪያ አረንጓዴ ነው። ባክቴሪያው ያለ መርዙ በቀዳዳዎቹ መግባት አቅቶት፣ መቀሱ በተወው ቁስል ነው የገባው። አለቃዋ ሁለቱንም አየና ምርምሩ ይቀጥል አለ።

አትክልተኛውን ከጓሮ የተክል ማሰሮ ሲያጥብ አገኘችው። ቀና ብሎ አላያትም።

«ግራውን ለምን ተውከው?»

«ስትመጪ አየሁሽና ፈርቼ ሮጥኩ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እንዲህ ታስፈራው እንደነበር አላወቀችም።

«ሁለተኛ ሳትነግረኝ ደግ እንዳትሠራልኝ።»

«ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

«አልፈቅድልህም ነበር» አለችና ትቶት የወጣውን መቀስ ዘረጋችለት። «አሁን ግን ጠይቀኝ።»

እጁን በሱሪው አደራረቀ። መቀሱን ሲቀበል ጣቶቿንም ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም።