የዶሪን ሻማዎች

መብራቱ ጠፋ። ሠራተኞቹ ከአዳራሹ ጥግ ኬኩን ከበው መዝፈን ጀመሩ።

በስለላ ስሟ «ድርጭት» የምትባለው ሴት በባለልደቷ በዶሪን ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በዚህ በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ባለ ፋብሪካ ጆአን ይሏታል፤ እሱም ስሟ አይደለም። ከመነጽር ማኅደሯ ትንሿን ካሜራ አወጣች። ከዚህ በፊት ሞክራ የጣሪያው መብራት የዶሪን ኮምፒውተር ስክሪን ላይ እያንጸባረቀ ፎቶውን አበላሽቶባት ነበር። ዛሬ የራሷ ጥላ እንዳይታይ ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ጨለማውን ያገኘችው ደግሞ ኬክ ገዝታ ነው።

ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች።

ትንፋሿን ዋጠች።

ፎቶውን አነሳች።

«ጆአኒ፣ የት ገባሽ? ቸኮሌቱን ሊጨርሱብሽ ነው!» አለች ዶሪን።

መብራቱ ሲበራ ድርጭት ከኬኩ አጠገብ ነበረች። ዶሪን ትልቁን ቁራሽ ሰጠቻት። እዚህ ቤት ከልቡ የወደዳት ሰው ቢኖር ዶሪን ናት። ድርጭት ዐይኗን በጨው አጥባ በላች። ደክሟታል፤ ዕድሜዋ በሰው ስም አልቋል።

ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ የስለላ አለቃዋ ፕሩዊት ፎቶውን አየ። ማዕቀብ ለተጣለበት አገር በድብቅ የተሸጡት የሚሳይል ዕቃዎች አንድ በአንድ ይነበባሉ።

«ግሩም ነው። ነገ ሻጮቹ ይያዛሉ።»

«ዶሪንስ? አትነካም ብለኸኝ ነበር።»

ካሜራውን መልሶ ሰጣት።

«ፕሩዊት።»

«ገዢዎቹ ማን እንደከዳቸው ይጠይቃሉ። አንቺን እንዳይጠረጥሩ እዚህ ላለው ወኪላቸው የእሷን ስም ጣል አድርጌለታለሁ።»

«ይገድሏታል እኮ!»

«አንቺ ለሌላ ሥራ ታስፈልጊኛለሽ።»

ድርጭት ፎቶውን ደግማ አየች። በጥቁሩ የስክሪኑ ጥግ ሻማዎች አንጸባርቀው ይታያሉ። ከሻማዎቹ በላይ ደግሞ ጉንጯን ነፍታ እፍ የምትል ዶሪን አለች። ፎቶው ሲነሳ ዶሪን ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ከኬኩ ዙሪያ ማን እንደጎደለ ደግሞ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ሻጮቹ ተያዙ። ድርጭት የፎቶውን ቅጂ በወኪሉ በር ስር አስገብታ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ዶሪንን ሳይሆን እሷን ነው። ፕሩዊት ደጋግሞ ደወለላት፤ ስልኩን ሐይቁ ውስጥ ጣለችው።

በጸደይ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሥራ ጀመረች። ከጎኗ የምትቀመጠው ሴት «ኬክ እንድናመጣልሽ ልደትሽ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ልደት አላከብርም» አለቻት። ወዲያው ዶሪን ትዝ አለቻት።