ካሜራ የያዘ ከኋላ ነው

ይህ በራሴ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን ይዤው መኖር አቃተኝ።

ጥቅምት ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ዚምባብዌ፣ ሁዋንጌ አካባቢ ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ቤኪዌ እባላለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። በየሦስት ወሩ ሄደን ውሃውን እንቀዳለን፣ አቧራውን እንለካለን፣ መጨረሻ ላይ ከሥር የሚነደውን መሬት እናያለን።

እዚያ ከሰሉ መሬት ውስጥ እሳት ይዞ ለዓመታት ይነድዳል። ላዩ ደህና ይመስላል... ሲረግጡት ይናዳል።

ስለዚህ ሕግ አለን። የማዕድኑ ሰው ባባ ሙዲምባ በብረት ዘንግ መሬቱን እየወጉ ይቀድማሉ። ሙቀት የሚያየውን ካሜራ የያዘ ከኋላ ይሄዳል። ቀዝቃዛው ሰማያዊ፣ ትኩሱ ቀይ ሆኖ ይታየዋል። ቀይ ሲያይ «ቁሙ» ይላል። የፊተኞቹ ነፍስ በእሱ አፍ ላይ ናት።

ያ ካሜራ ሁልጊዜ የባልደረባዬ የሲፔሊሌ ነበር።

በሥራ በአራት ዓመት እቀድማታለሁ። ሲመሰገን የምሰማው ግን የእሷ ዓይን ነው። የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን ኃላፊነት ለእኔ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ለእሷ መሰጠቱን በዚያው ጠዋት መኪና ውስጥ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። በጥርሴ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አሮ ነበር።

ከመንገዱ አሥር እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ የአቧራ መሰብሰቢያ ባልዲ አለ።

«ባልዲውን እኔ ላምጣ፤ ካሜራውን አንቺ ያዢ፣ እህቴ» አለችኝ።

«አምነሽኝ ነው?» አልኳት፣ ቀልድ አስመስዬ።

«ከአንቺ ሌላ ማንን ላምን?»

ባባ ሙዲምባ ሳቁ። «ካሜራ ነው የምትቀባበሉት ወይስ አራስ ልጅ? ፀሐዩ ፈጀን እኮ።»

ሲፔሊሌ ዘንጉን ሳትጠብቅ ሄደች። በካሜራው አየኋት።

ከእግሯ ሥር... ሌላ ሰው ነበር።

ቀይ ነው። እግሩ ከእግሯ ተገጥሟል፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው። ስትራመድ ይራመዳል።

ዓይኔን ከካሜራው አነሳሁ። ባዶ መሬት ነው። ጥላዋም በሌላው በኩል ነበር የወደቀው።

እንደገና በካሜራው አየሁ።

ሲፔሊሌ ቆመች። እሱ ግን አልቆመም። ቀድሟት ሄደ... በረገጠበት ሁሉ መሬቱ ቀላ።

«ደህና ነው?» አለች ሳትዞር። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ቁሚ» ሁለት ፊደል ናት።

ሹመቷ ትዝ አለኝ።

«ቤኪዌ... ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት።

ጩኸት አልሰማንም። አቧራ ብድግ አለ። ሲረግብ ባልዲው ብቻውን ቆሟል። ባባ ሙዲምባ ሮጠው ዘንጉን ወደ ተናደው ጉድጓድ ዘረጉ... የሚይዘው እጅ አልነበረም።

«ምንም አልታየሽም?» አሉኝ።

«ምንም።»

ሪፖርቱም ይህንኑ ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አስከሬኗ አልተገኘም። ሹመቱ ለእኔ ሆነ።

በጥር ተመልሰን ሄድን። ኃላፊ ብሆንም ካሜራውን ለማንም አልሰጠሁም። ባባ ሙዲምባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ሰማያዊ... ሰማያዊ...

ከዚያ ቀይ።

ከመሬቱ ሥር አንዲት ሴት፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በቀኝ እግሯ ሸብረክ እያለች ትሄዳለች። አካሄዷን አወቅሁት። ዓመታት ሙሉ በቅናት ያየሁትን አካሄድ እንዴት እረሳለሁ?

ከባባ ሙዲምባ እግር ሥር ደረሰችና ቆመች። ጣቷን ወደ ፊት ቀሰረች... ሊረግጡት ወዳሉት ቦታ።

«ባባ... ይቁሙ» አልኩ በሹክሹክታ።

ቆሙ። ዘንጋቸውን ወደ ፊት ሰደዱ። እስከ መያዣው ሰመጠ፤ ጭስ ተከትሎት ወጣ።

ላባቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲህ የምታይ እሷ ብቻ ነበረች» አሉ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ... በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ጸጸትም አልነበረም። ቅናት ነበር። ሞታም ትበልጠኛለች።

ወደ ካሜራው ተመለስኩ።

ሲፔሊሌ ከባባ ሙዲምባ ሥር ወጥታለች። ወደ እኔ ነው የመጣችው። ከጫማዬ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

መዳፏን ዘረጋች... በአደራ የሰጠችው ካሜራ እንዲመለስላት እንደምትጠብቅ ሴት።

«እንሂድ» አሉ ባባ ሙዲምባ።

እጇ አልታጠፈም።