የግራ ዓይኑን ማን ሣለው?

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ፊቴ በቀለም ተለቅልቆ ነበር። ማተሚያ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሎኝ፣ ጭንቅላቴን ከሥሩ አስገብቼ ስታገል ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«ይቅርታ... ሠዓሊው አንተ ነህ?»

ብድግ ስል ግንባሬ ከማሽኑ ክዳን ጋር ተጋጨ። ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። አፏ ቢስቅም ዓይኖቿ አልሳቁም። የሆነ ነገር ይለምኑ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ስሜ ዓለምሰገድ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ በጓደኛዬ በዐብዲራዛቅ ማተሚያ ቤት ባነርና የሠርግ ካርድ የማትም ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ ሠዓሊ ለመሆን የማልሆነው አልነበረም፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ፈረስ ስሥል ፍየል ይሆንብኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የፈለግኩትን በአንድ መስመር ስጽፍለት ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ሠርቶ ያመጣልኛል። ግድግዳው ላይ በሸራ ታትመው የተሰቀሉት ሥዕሎች ሁሉ እንደዚያ የወጡ ነበሩ።

ይህን ልነግራት ይገባኝ ነበር። ግን እንደዚያ እያየችኝ...

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ከዚያች ቃል ለመውጣት ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ስምረት ትባላለች። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ላስቲኩን ቀስ ብላ ፈታችና አንዲት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የአንድ ሰውዬ የቀኝ ግማሽ ፊት ይታያል። የግራው ግማሽ ውኃ በልቶት ነጭ ሆኗል።

«አባቴ ነው። ክፍሉ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ እሱም ቤቱም ሄዱ። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጭቃው ውስጥ የተገኘችው ይቺ ብቻ ናት።»

ፎቶዋን አንሥቼ ወደ መብራቱ አስጠጋኋት።

«ፊቱን አላስታውሰውም» አለች። «እናቴ ስለ እሱ ስትጀምር ታለቅሳለች፤ ስለዚህ አልጠይቃትም። ሙሉ ፊቱን አንድ ጊዜ ባየው... ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፎቶዋን አስገባሁ፤ «የጎደለውን ሙላ፣ የዘይት ቀለም ሥዕል አስመስለህ ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ወጣ። በሸራ አተምኩት። የብሩሽ መስመር እንዲታይበት ደግሞ ላዩ ላይ በብሩሽ ቫርኒሽ ቀባሁት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ደበቅኩት፤ ሠዓሊ ሁለት ሳምንት ይደክማል ብዬ።

ስትመጣ ሥዕሉ ፊት ቆመች።

«እንዲህ ነበር?» አለች በሹክሹክታ። «አባዬ... እንዲህ ነበርክ?»

ዞራ አቀፈችኝ። እንባዋ ሸሚዜን አራሰው። እጆቼ አየር ላይ ቀሩ።

ከሄደች በኋላ ዐብዲራዛቅ ከጀርባዬ ቆሞ አገኘሁት። «ዋርያ! ምን እያደረግክ ነው? ንገራት እንጂ አቦ!»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ወላሂ፣ ነገ ከዛሬ ይብስብሃል።»

አልተሳሳተም። በማግስቱ እናቷ ወይንሸት ለምሳ ጠራችኝ። ሳቢያን ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት። ሥዕሉ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?» ስላት፣

«አንቱ አትበለኝ፤ ድሬ ውስጥ ማን አንቱ ይላል?» ብላ ሳመችኝ። ሥዕሉን ግን ቀና ብላ አላየችውም። «ልጄን ደስ ካላት እኔንም ደስ ይለኛል» ብቻ አለችና ወጥ ልታወጣ ገባች።

እንዲህ ጀመርን። ማምሻውን ፀሐይዋ ስትበርድ ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንሄዳለን። ስለ ተማሪዎቿ ትነግረኛለች፤ እኔ እስቃለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ድንገት እጄን ያዘች።

«ጠዋት ጠዋት ሳልሰናበተው አልወጣም፤ ታውቃለህ? ደህና ዋል አባዬ እለዋለሁ። በዚህ በእጅህ አባቴን ሰጠኸኝ።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። እዚያው መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። እወዳታለሁ! እሷም ትወደኛለች። የምትወደው ግን እኔን ይሁን ያንን ሠዓሊ፣ አላውቅም። ብነግራት እሷንም አጣለሁ፤ አባቷንም ሁለተኛ እነጥቃታለሁ። ዝም ብል ደግሞ በየቀኑ እየተሳመ የሚኖር ሌባ ነኝ።

ለልደቴ ብሩሽና የሥዕል እርሳስ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ሰጠችኝ። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳቸው። «ለምን እኔን አትሥለኝም?» ስትለኝ ሥራ በዛ አልኩ። «ስትሥል ልይህ» ስትለኝ ሰው ካየኝ አልችልም አልኩ። እሷ ሁሉንም ታምናለች። ባታምነኝ ይሻለኝ ነበር። ማተሚያ ቤቱ መስኮት የለውም፤ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ ያኔ ግን አየር ያጥረኝ ጀመር።

በስምንተኛው ወር በወጣት ማዕከል የሥዕል ትርኢት ተዘጋጀ። ስምረት ሳትነግረኝ የአባቷን ሥዕል አስመዝግባው ኖሯል! ሥሩ ላይ «ሠዓሊ ዓለምሰገድ፣ የዘይት ቀለም» ተብሎ ተጽፎ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ውይይት ነበር። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል ሥዕል ነው ወይስ አይደለም! ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ በእጁ ሲሥል የኖረው ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ተነሣ።

«ወጣቶች፣ ማሽኑ ያምራል አይደል? ያምራል! ግን ሥዕል ማለት ሰው አይቶ፣ ተጠራጥሮ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና የሠራው ነው። ያልተደከመበት ነገር ቢያምርም ሥዕል አልለውም።»

አንድ ወጣት «ካሜራም ሲመጣ እንዲሁ ተብሎ ነበር» ብሎ ተከራከረው። አዳራሹ ተንጫጫ። ከሁሉ በላይ አጥብቃ ለጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ያጨበጨበችው አጠገቤ የተቀመጠችው ስምረት ነበረች። ቀጥላም ብድግ አለች።

«ለምን በዓይናችን አናይም? ዓለምሰገድ እዚሁ እኔን ይሣለኝ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ነጭ ወረቀት ተወጠረ። የሥዕል ከሰል እጄ ላይ ተቀመጠ። ስምረት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገጯን ቀና አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም።

አንድ መስመር አሰመርኩ። የፍየል አገጭ ወጣ። በሩ ሩቅ ነው፤ ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል።

«እጄን... አሞኛል» አልኩ።

ሮጣ መጣች። በሰው ሁሉ ፊት እጄን ይዛ ሳመችው። «እኔ ነኝ ያስጨነቅኩህ፤ ይቅር በለኝ!»

ይቅር በለኝ ስትለኝ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ስምረት፣ እጄን አላመመኝም። መሣል አልችልም። ያንን ሥዕል እኔ አልሣልኩትም።»

«ታዲያ ማን ሣለው?»

«ኮምፒውተሩ። በሁለት ደቂቃ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«የግራ ዓይኑስ?» አለች ቀስ ብላ። «ፎቶው ላይ ያልነበረው?»

«...ገምቶ ነው የሠራው።»

«ገምቶ?»

«አዎ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ደህና ዋል አባዬ ያልኩት ማንን ነው ታዲያ?»

እጄን ዘረጋሁላት፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ሠዓሊ አይደለሁም ብትለኝ እስቅብህ ነበር፤ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያ ፊት ነው! እንዴት አድርጌ ላውጣው? ንገረኝ፣ እንዴት አድርጌ?»

ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሣችም። ዐብዲራዛቅ «ብላ እንጂ አቦ» እያለ ሳምቡሳ ከፊቴ ያስቀምጣል፤ ይቀዘቅዛል። እውነቱን ከተናገርኩ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከተማው በሙቀት ተኝቶ ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት፣ ወይንሸት ብቻዋን በሩ ላይ ቆመች።

«ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው» አለችኝ።

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«እኔም ይቅር መባል ያለብኝ ነኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር። ያ ሰውዬ ክፍሉ አይደለም።»

ደነገጥኩ።

«የክፍሉ የግራ ዓይኑ ቆብ ወረድ ያለ ነው፤ ልጅ ሆኖ ወድቆ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሸሚዝ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም! ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ሸሚዝ ይለብሳል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጄ ከጎርፉ ወዲህ አባዬ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለች። ከአፏ እንዴት ልቀማት? አንተ አንድ ጊዜ ዋሸሃት፤ እኔ በየቀኑ።» ዓይኗን በእጇ ጠረገች። «አሁን ግን ፈራሁ። የክፍሉን ፊት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል፤ ለእሷ የሚቀርላት ያ የማናውቀው ሰውዬ ነው። ክፈተው ማሽንህን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ያወጣል፣ እሷ ትጥላለች።

«ይሄ የፊልም ተዋናይ ነው። ክፍሉ እንዲህ አያምርም!»

«ግንባሩ ይጥበብ።»

«ይሄ የተቆጣ ሰው ነው፤ ክፍሉ ተቆጥቶ አያውቅም።»

ከሁሉ ያስቸገረን አፉ ነበር። ሲሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ ነው የሚይዘው፤ ዓመት ካመት እንዲያ ሲያደርግ አንዱ የከንፈሩ ጥግ ጭምድድ እንዳለ ቀርቷል። ማሽኑ ይህን አልገባው አለ። ሲያሻው አስለቀሰው፣ ሲያሻው አሣቀው። በመጨረሻ ከቆለፍኩት መሳቢያ እርሳስ አወጣሁና በዚያ በማይረባ እጄ ወረቀት ላይ ሞከርኩ። ወይንሸት ጣቴን ይዛ «ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ» ትለኛለች። ስንት ወረቀት ቀደድን! አንዷን ወደ ማሽኑ አስገባናት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ወጣ። ወይንሸት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከዚያ በቁጣ ድምፅ፣

«የት ቆይተህ ነው?» አለችው።

ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ ስምረትን ያየኋት። እናቷ በየቀኑ የት እንደምትሄድ ልታይ ተከትላ መጥታ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም።

«ማነው?» አለች።

«አባትሽ» አለች ወይንሸት። «አሁን አባትሽ ነው። ነይ፣ ልንገርሽ።»

ስምረት አጠገቧ ተቀመጠች። ወይንሸት ሃያ ዓመት ያልነገረቻትን በአንድ ቁጭታ ነገረቻት፤ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ስፒሉን አፉ ውስጥ ይዞ እንዴት እንደሚያወራ፣ ስምረት ስትወለድ ከጨርቅ ቁራጭ ምን እንደሰፋላት። አለቀሱ፣ ሣቁም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የምገባበት አጣሁ።

በመጨረሻ ስምረት ወደ እኔ ዞረች። «ይሄስ ሥዕል ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። «የመጀመሪያው አልነበረም፤ እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልተጠራጠርኩም። ይሄኛውን ግን የሣለው ሰው አለ ከተባለ፣ የሣለችው እናትሽ ናት።»

«እንግዲያው እንደዚያ ብለህ ጻፍበት» አለች። ሥሩ ላይ «ከወይንሸት ትዝታ፣ በማሽን የተሠራ» ብዬ አተምኩት። እናትና ልጅ ይዘውት ሄዱ። ለእኔ ሌላ ቃል አልተረፈኝም።

ከአሥር ቀን በኋላ ደወለችልኝ። ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ተገናኘን። ከድልድዩ ሥር ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ሰዎች ያቋርጡታል፣ ፍየሎችም። እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ወደ ታች አየች።

«ጋሽ ሰይፈ ሚካኤልን ቤት ወስጄ አሳየሁት» አለች። «አሁንም ሥዕል አይደለም ነው የሚለው።»

«አንቺስ?»

«እኔ እንጃ። የድሮው ፊት አንዳንዴ አሁንም ይመጣብኛል። እማዬ ስታወራልኝ ይጠፋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ስላንተም ሳስብ እንደዚያው ነው። ዋሾው ይመጣብኛል፤ ከዚያ እማዬ የነገረችኝ፣ በእርሳስ የምትታገለው ይመጣል።»

«ስምረት፣ ከእንግዲህ...»

«ቆይ። አትማልልኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እውነቱን። ስለ አንተ የማላውቀው ምን ቀረ?»

አሰብኩ። «ፈሪ ነኝ። በዘጠኝ ወር ውስጥ አጣሻለሁ ብዬ ያልፈራሁበት ቀን አልነበረም። አሁንም እየፈራሁ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿም ሣቁ።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «ሽማግሌ ላክ። ቶሎ! እማዬ ሐሳቧን ሳትቀይር።»

ሚያዝያ ላይ ተጋባን። ዐብዲራዛቅ የሠርግ ካርዱን በነፃ አተመልን፤ ስሜን ተሳስቶ ጻፈው፤ ማንም አላረመውም። በሠርጉ ማግስት ስነቃ ስምረት መስኮቱን ከፍታ ቆማ ነበር። ነፋስ ይገባል። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፤ ደረቴን ሞልቼ ተነፈስኩ።