ሰፊው ጉሮሮ

ታክሲዋ ዳገቱ መሃል ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ክላክሳቸውን አቀለጡት።

«ነዳጁ ነው» አለች እናት ቁልፉን እየጠመዘዘች። «ውሃ ቀላቅለውበት ይሆናል።»

ከኋላ የተቀመጡት የዘወትር ደንበኛዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ነዳጁ ነው ትያለሽ። ድሮ ይቺን ዳገት እንደ ፍየል ነበር የምትወጣት።»

እናት በመስታወቱ ጠቀሰቻቸው። ግን ረፍዶ ነበር፤ ከፊት የተቀመጠችው ልጇ ሁሉንም ሰምታለች፣ ጥቅሻውንም አይታለች። ሁለት ሳምንት! ቴስታታው ከተገጠመ ልክ ሁለት ሳምንቱ ነው።

ይህ የሞተሩ አናት የእሷ ሥራ ነበር። የትምህርት ቤት እረፍቷን በአጎቷ ጋራዥ አሳልፋ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እየሞረደች አሰፋቻቸው፤ እስኪያበሩም ወለወለቻቸው። ብዙ አየር፣ ብዙ ጉልበት!

«ተይ የኔ ልጅ» ብሏት ነበር አጎቷ። «የውሃ ጎማ አፉን በጣትሽ ስትጫኚው አይደል ርቆ የሚረጨው? ቀዳዳውን ስታሰፊው ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ጉልበት ያገኛል። ቀስ ሲል ግን አየሩ ይለግማል፣ ከነዳጁም በወጉ አይቀላቀልም። እናትሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትውለው።»

እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እናትም «ልጄ የሠራችውን ነው የምነዳው» ብላ ወንድሟን አስገጠመችው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ልጇ «ታክሲዋ እንዴት ናት?» ስትላት መልሷ አንድ ነበር፦ «እሳት ናት!» ልጅቷም ትምህርት ቤት ጉራዋን ስትነዛ ሰነበተች። ጓደኞቿ «መሐንዲሷ» ይሏት ጀመር።

በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ተነሳ። እናት እያስጮኸችው፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እየለቀቀች ዳገቱን ጨረሰች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

መምህርቷ እንደወረዱ ልጅቷ ዞረች። «እማዬ፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

«የታለ ውሸቱ? እሳት ናት አልኩሽ። እሳት ደግሞ ይጠፋል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። እናትም ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ምን ልበልሽ የኔ ቆንጆ? ያንን ብረት ታቅፈሽ ስትመጪ ፊትሽን ብታዪው! አንጀቴ አልቻለም። አሁን እግሬም ለምዶታል፣ ተይው በቃ።»

መተው ቀላል ነበር። ዝም ብትል እናቷ ትችለዋለች፣ ጓደኞቿም አይሰሙም። እናት ግን መብራት ላይ ቆማ የግራ ጉልበቷን ታሻሽ ነበር፤ ፍሪሲዮን የሚረግጠውን እግር።

«አጎቴ ጋ ውሰጂኝ» አለች ልጅቷ። «ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሌላ ቴስታታ እንዲፈልግልኝ ልለምነው ነው። እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ።»

«‹አላልኩሽም?› እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፍብሽ ሊከርም ነው!»

«ይክረም።»

 እናት አቋራጩን ትታ ከከተማ ወደሚያስወጣው ሰፊ መንገድ ታጠፈች።

«በዚህ ይረዝማል እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ሳትነቅይው አንዴ እንደ ልቤ ልንዳት።»

መንገዱ ወለል ሲል ነዳጁን ረገጠችው። ሞተሩ አጓራ፤ ሁለቱንም ከወንበራቸው ጋር አጣበቃቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለች እናት እየሳቀች።

ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ በእጇ የሠራችውን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ አዳመጠችው።